የሰባት ዓመቷ ወይዘሮ

ዘርፉ በየጠዋቱ ከአልጋዋ ሳትወርድ የምታያት አንዲት የካሮት መደብ ነበረቻት። መደቧ ያለችው ስልኳ ውስጥ፣ ጌም ላይ ነው። ለተጫዋቹ ትንሽ ጓሮ ይሰጠዋል፣ የፈለገውን ይተክላል፤ ጎረቤቱ የሆነ ሌላ ተጫዋች ደግሞ ገብቶ ውሃ ያጠጣለታል። ውሃ ያገኘ ተክል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከሥሩም በሰማያዊ ጠብታ አጠገብ ያጠጣው ሰው ስም ይጻፋል። ዘርፉ ጌሙን የምትከፍተው ያንን ስም ለማየት ብቻ ነበር። «ዱሬ» ይላል። ልጇ ዱሬቲ ናት። ስሙ እዚያ ካለ ዱሬቲ ዛሬም ነቅታለች፣ በሕይወት አለች፣ ስልክ ለመንካት የሚበቃ ጤና አላት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዘርፉ ነጠላ ጫማዋን ፈልጋ ትነሳለች።

ዱሬቲ አዳሚ ቱሉ ባለው የምርምር ጣቢያ የአፈር ናሙና መርማሪ ሆና ከተቀጠረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ባቱ ከተማ፣ በድሮ ስሟ ዝዋይ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ከአዳማ ባቱ ጠዋት ሄደው ከሰዓት የሚመለሱበት መንገድ ነው። ለዘርፉ ግን መንገዱ ሁሉ የተደገነ ነገር ነው፤ ሞጆ ላይ ከባድ መኪና፣ መቂ ላይ ሞተር ሳይክል፣ ባቱ ላይ ሐይቁ። ልጅቷ ዋና እንደማትወድ፣ ሐይቁ ዳርም እንደማትሄድ ታውቃለች። ቢሆንም ሐይቁ እዚያው አለ።

ባለፈው ዓመት የዱሬቲ ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ ዝግ ሆነባት። ዘርፉ መጀመሪያ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደወለች። ቀጥሎ የልጇን አለቃ ቁጥር አፈላልጋ ደወለች። በነጋታው ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች። ዱሬቲ ሥልጠና ላይ ነበረች። ዘርፉ የአዳራሹን በር በርግዳ ገብታ፣ ሠላሳ ሰው እያየ፣ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች።

ዱሬቲ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሸኘቻት። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ በኩል ተጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«እማዬ፣ ከአሁን በኋላ አትደውዪልኝ። መልእክትም አትላኪልኝ። እኔ ራሴ እሁድ እሁድ እደውላለሁ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ካደረግሽ ቁጥሬን ቀይሬ፣ ሥራዬንም ቀይሬ እሄዳለሁ፤ የት እንዳለሁም አልነግርሽም። ማርያምን እልሻለሁ።»

ዱሬቲ በማርያም የማለችውን አጥፋ አታውቅም። ዘርፉም አንገቷን ነቅንቃ ተስማማች። ለአዲስ ዓመት ቤት ስትመጣ ልጅቷ ቀዝቅዛ ነበር፤ እናቷ በአንድ ጊዜ እንደከሳችም አየች። ስልኩን ተቀብላ ጌሙን የጫነችላት ያን ቀን ነው። «ጠዋት ጠዋት አጠጣልሻለሁ። ውሃውን ስታዪ ደህና ነኝ ማለት ነው። አለቀ፤ ሌላ ነገር አታስቢ» አለቻት።

እሁዱ ቀስ በቀስ ሳሳ። በየሳምንቱ የነበረው በአሥራ አምስት ቀን ሆነ፣ ከዚያ በሦስት ሳምንት። ውሃው ግን አንድም ቀን አልቀረም። ባሏ መርዳሳ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ በወር አምስት ስድስት ቀን ቤት ቢያድር ነው። ስለ እሱ መፍራትን ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታበታለችና እጇ ገብቷል። ስለ ልጇ የምትፈራውን ግን የምታሳርፍበት ሌላ ቦታ አልነበራትም፤ ያቺ መደብ ብቻ ናት።

ጌሙን ራሱን ግን ትጠላዋለች። ካሮቷን ከማየቷ በፊት ጸጉር የሚያበቅል ቅባት፣ የሚጮህ የመኪና እሽቅድምድም፣ ቢላ የሚስል ሰው ማየት አለባት። የማስታወቂያው መዝጊያ ኤክስ የሰናፍጭ ፍሬ አታህልም፤ ስትነካት ሌላ ነገር ይከፈታል። «አምስት ኮከብ ስጪን» ይላታል። «ሦስት ጓደኛ ጋብዢ» ይላታል። ጓደኛ እንደሌላት በምን አወቀ ብላ አንዳንዴ ትናደዳለች።

ግንቦት አሥራ ሁለት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ጌሙ አልከፈትም አለ። በማስታወቂያው ፈንታ ነጭ ገጽ መጣ፤ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር፣ ታች ሦስት ባዶ ሳጥን። ዘርፉ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ እንግሊዝኛው ግን ከደብተሮቿ ጋር ሱቅ ሄዶ የስኳር መጠቅለያ ከሆነ ቆይቷል። ስክሪኑም ላይኛው ጥግ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ሥር ያነበበችው «ዴት» የሚለውን ብቻ ነው። ቀን ማለት ነው። ባንክ ቢሄዱ፣ ቀበሌ ቢሄዱ፣ ቀን ሳይጻፍበት የሚያልፍ ወረቀት የለም። ግራ ሳትጋባ፣ ቶሎ ወደ ካሮቷ ለመድረስ እየቸኮለች፣ የዕለቱን ቀን ሞላች፤ 12፣ 9፣ 2018።

አንድ ቢጫ ድብ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ እጁን አውለበለበላት። ከዚያ ጌሙ ተዘጋ።

ደግማ ከፈተችው። ድቡ አውለበለበ፤ ተዘጋ። አጥፍታ አበራችው። በሦስተኛው ሮቦት አለመሆኗን እንድታረጋግጥ ዘጠኝ ሥዕል ደረደረላት፤ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ያለበትን ምረጪ መሆኑ ነው። ከመንገድ ዳር የቆመ፣ ቆብ የደፋ ድንክ የሚመስል ቀይ ብረት ነው። አዳማ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ አይታ አታውቅም። በግምት ነካካች። ሌላ ዘጠኝ አመጣላት። እንደገና ነካካች። ድቡ መጣ።

ሌላ አዲስ ጓሮ ልክፈት አለች፤ «ይህ ቁጥር ተይዟል» አላት። ቢከፈትስ ምን ዋጋ አለው? ዱሬቲ ጎረቤት አድርጋ ልትቀበላት ይገባል፤ ለዚያ ደግሞ ደውሎ መንገር ያስፈልጋል።

እዚያው ግቢ የምትኖረው ዙህራ በረንዳዋ ላይ የዩኒፎርም ጉርድ ትሰፋ ነበር። ዘርፉ ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ዙህራ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም።

«አይሆንም» አለች።

«ምን ተናገርኩና?»

«ደውዪልኝ ልትዪ ነው። ፊትሽ ላይ ተጽፏል።»

«ዙህርዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። በሌላ ነገር አስመስለሽ…»

«በጥምቀት ሰሞን ጨርቅ ልላክልሽ ወይ ብዬ በማለዳ ያስደወልሽኝን ረሳሽው? ‹ዙህራ፣ እማዬ አጠገብሽ ናት አይደል?› ነው ያለችኝ። ላብ በላብ ሆንኩ። አላህ ምስክሬ ነው፣ በሰው ልጅ ፊት ውሸታም አደረግሽኝ።» መኪናዋን አቆመችና ቀና አለች። ዘርፉን ስታይ ድምፅዋ ለዘብ አለ። «አንቺ፣ ልጅቷ ደህና ናት። ክፉ ወሬ እግር አለው፤ እስካሁን ይደርስሽ ነበር። ይልቅ ስልኩን ለሚያውቅ አሳዪው።»

የሚያውቀው ማናሴ ነው። ፍራንኮ ሰፈር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ ጠባብ ሱቅ አለው። ቀድሞ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ራዲዮ ሲጠፋ ቴሌቪዥን ጠገነ፤ አሁን ስልክ ይከፍታል። ስልሳን አልፏል። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው፤ ሲፈልገው ግን ጠረጴዛ ላይ ይዳብሳል።

«አካም ቡልቴ ዘርፌ!»

«ፈያ፣ ጋሽ ማናሴ። እስቲ ይቺን ይዩልኝ። ጌሟ እምቢ አለች።»

«አንቺም ጌም ጀመርሽ? መርዳሳ አልነገረኝም።» ስልኩን ተቀበለ፣ መነጽሩን አወረደ፣ ብዙ አነበበ። ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲስቅ ድምፅ አያወጣም።

«ዘርፌ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«እሱ ምን አገናኘው?»

«እዚህ ላይ ሰባት ነው የሚለው።»

ነገሩን ዘርግቶ አስረዳት። ጌሙ የጠየቀው የልደት ቀኗን ነው። እሷ የዕለቱን ቀን በእኛ አቆጣጠር ሞላች። ፈረንጅ ከእኛ ሰባት ስምንት ዓመት ስለሚቀድም፣ የእኛ የዛሬ ቀን ለእሱ ድሮ ነው። «የእነሱን የዛሬ ቀን ብትጽፊ ዛሬ የተወለደ ሕፃን ስልክ አይነካም ብሎ ይመልስልሽ ነበር። የእኛውን ስትጽፊ ግን የተማሪ ቤት ልጅ ሆንሽለት። በዓለም ላይ ይሄን ስህተት የምንሳሳት እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።»

«ታዲያ ያስተካክሉታ።»

ማናሴም እንዲያ ቀላል መስሎት ነበር። ትክክለኛውን ቀን ሊያስገባ ቢሞክር ማረጋገጫ አምጪ አለ። መታወቂያዋን ፎቶ አንስቶ ላከ፤ ግልጽ አይደለም አለ። መስኮት ዳር ወስዶ አነሳው፤ ብርሃን በዛ አለ። ሦስተኛውን ተቀበለና አገሯን ከዝርዝር እንድትመርጥ ጠየቀ። ማናሴ ዝርዝሩን በአውራ ጣቱ ወደ ታች ገፋ፣ ገፋ፣ ኤርትራንና ኢስቶኒያን አይቶ አለፈ፣ ተመለሰ።

«የለንም» አለ።

«እንዴት የለንም?»

«እኔ እንጃ። ረስተውን ይሆናል።»

ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፈላት። መልሱ የመጣው ዓርብ ነው፤ ማናሴ እየተረጎመ አነበበላት። «ውድ ታዳጊ፣ ስለጻፍሽልን ደስ ብሎናል! ደኅንነትሽ ያሳስበናል። እባክሽ ወላጅሽን ወይም አሳዳጊሽን ጥሪ። እስከ ረቡዕ ፈቃድ ካልተገኘ ጓሮሽ ይሰረዛል።» ከታች ድቡ አለ።

የዘርፉ እናት ደራ ላይ ከተቀበረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። አባቷን አታስታውሰውም። «ወላጅ ከየት አመጣለሁ?» አለች፤ ስትናገረው ቀልድ መስሏት ነበር፣ ከአፏ ሲወጣ ግን ቀልድ አልሆነም። ማናሴም አልሳቀም።

«እሁድ ይለፍና ሌላ ዘዴ እንሞክራለን» አላት።

እሁድ ቀኑን ሙሉ ዘርፉ ስልኩን ከእጇ አላወረደችም። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ነበር። ዱሬቲ አልደወለችም። ሦስተኛው እሁድ መሆኑ ነው። በዚህ ሰዓት ካሮቷ ሥር የተጻፈ ስም ይኖር ይሆናል፤ ላይኖርም ይችላል፤ ሁለቱም ከተዘጋ በር በስተጀርባ ናቸው። ቤት ገብታ ለአንድ ሰው ምስር ክክ ልትሠራ ብላ፣ ሳታስበው ለሦስት ሰው የሚሆን ቀቀለች። ሲበርድ ወደ ዙህራ ወሰደችው። በመንገዷ ላይ ሽንት ቤቱ አጠገብ ቆማ የዱሬቲን የጋዝ ሲሊንደር አሰበች፤ ሌሊት ቢያፈስስ ብላ። ዱሬቲ የምትከራየው ክፍል መስኮቱ ትንሽ ነው።

ሰኞ ጠዋት ማናሴ ገና መዝጊያውን ሳያነሳ ደጁ ደረሰች።

«አስቤበታለሁ» አላት። «እኔ አባትሽ እሆናለሁ።»

«ኧረ ጋሽ ማናሴ!»

«በስልክ ነው እንጂ በውርስ አይደለም፣ አትፍሪ።» በራሱ ስልክ ገባ፤ ወላጅ መሆኑን አስታወቀ፤ እሱንም ሥዕል አስመረጡት። ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። በመጨረሻ ድቡ እጁን አጨበጨበ። «በቃ ልጄ ሆነሻል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስልክ መንካት ክልክል ነው ይላል፤ የመኝታ ሰዓትሽ ነው።»

ዘርፉ ከአምስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እጇን ለስልኳ ዘረጋች።

«ቆይ፣ አላለቀም። ስለ ልጄ ሪፖርት ልከውልኛል፤ አንብቤ መፈረም አለብኝ።» መነጽሩን አስተካክሎ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ልጅዎ ጌሙ ከመዘጋቱ በፊት ባለው ሳምንት… ጓሮዋን የከፈተችው… ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ…» ድምፁ ወረደ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። «ይሄ እንኳ ስህተት ይሆናል። ማሽን ነው፣ ይቆጥርና ይሳሳታል።»

ዘርፉ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ትንንሽ ብሎኖች ታይ ነበር።

«እሺ፣ እንቀጥል» አለ ማናሴ ፈጠን ብሎ። «ልጅዎን የሚጎበኟት ጎረቤቶች፤ ያጽድቁ። አንድ ሰው ብቻ ነው። ‹ዱሬ› የምትለዋ ማናት?»

«ልጄ ናት!»

«እንግዲያው የልጅ ልጄ ናት። ጸደቀች።» ወደ ታች እየገፋ ያነብ ነበር። «ወታደር ቤት ናት እንዴ የምትሠራው?»

«ላብራቶሪ ናት። ምነው?»

«ሰዓቷ ገርሞኝ ነው። ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከዜሮ ዜሮ። ትናንት እሁድ አሥራ ሁለት ሰዓት ከዜሮ ዜሮ። ቅዳሜም። የአንድ ወር ነው ያለው፣ አንድ ደቂቃ ዝንፍ አላለችም።»

«ከልጅነቷ ጀምሮ ማለዳ ተነሺ ናት» አለች ዘርፉ። ዛሬ ጠዋት አጠጥታለች፤ ትናንትም አጠጥታለች፤ አለች ማለት ነው።

ማናሴ ግን አርባ ዓመት ማሽን የፈታ ሰው ነው። አንድ ነገር ከነከነው፤ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ ቆየ።

«እህ… ይቺን እንደ ማርሽ ጥርስ ያላት ምልክት አየሻት? ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን? ሰው አይደለም እኮ ይሄ። ራሱ ጌሙ ነው የሚያጠጣው። አንድ ጊዜ ትሞዪዋለሽ፣ ከዚያ ረስተሽው ትሄጃለሽ። ብልህ ልጅ ናት፣ ማን በየቀኑ…»

ያኔ ቀና ብሎ አያት፤ የቀረውንም ዋጠው።

«ሰው አይነካውም?» አለች ዘርፉ።

«ዘርፌ…»

«ስልኩን የያዘው ሰው ባይኖርም ያጠጣል?»

ማናሴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ መለሰ። «ያጠጣል» አለ።

ዘርፉ አመስግናው ወጣች። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ይፋጃል፤ ነፋሱ ከአስፋልቱ ዳር አቧራ እያነሳ በባጃጆቹ መካከል ያዞረዋል። በመጋቢት ባቱ ላይ ሁለት ቀን ኔትወርክ ጠፍቶ እንደነበር ከዚያ በኋላ በወሬ ሰምታ ነበር። ያን ሁለት ቀን ግን ካሮቷ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ልጄ ከየትም ከየትም ብላ አጠጣችልኝ ብላ በልቧ መርቃታለች። አሁን ያ ምርቃት የት እንደወደቀ አታውቅም። ሦስት ሳምንት ሆኗታል ድምፅዋን ከሰማች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የልጇ መኖር ምስክር አንድ ጥርሳም ምልክት ብቻ ነበር።

ግድግዳ ተደግፋ ደወለች። ይጠራል፤ አይነሳም። ቃሏን አፍርሳለች፤ አንዴ ከፈረሰ ምን ቀረው ብላ ደግማ ደወለች። አይነሳም። ሦስተኛ። እግሯ ራሱ ወደ መናኸሪያው ወሰዳት። «ባቱ! ባቱ! ዝዋይ አንድ ሰው!» ይላል ረዳቱ። የሚኒባሱ በር ክፍት ነው፤ ባዶው ወንበር መስኮት ዳር ነው። ዘርፉ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ቆመች። ሌላውን ብታነሳ ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ልጅቷ ከኖረች፣ ከዚህ በኋላ ለዘርፉ አትኖርም።

«እናት፣ ይገባሉ ወይስ መኪናውን እየመረቁት ነው?» አለ ረዳቱ።

ስልኳ ጮኸ።

«እማዬ! ምን ሆነ? አባዬ ነው? መኪናው ነው?»

የዱሬቲ ድምፅ ነው፤ ሮጣ የመጣች ሰው ትንፋሽ አለው። ዘርፉ እግሯን ከደረጃው አወረደች፤ የቲኬት ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባትሽ ደህና ነው። ጋላፊ ደርሷል።»

«አንቺስ?»

«ደህና ነኝ።»

ከዚያ የዱሬቲ ድምፅ ተለወጠ። «ላብራቶሪ ስልክ ይዤ እንደማልገባ ታውቂያለሽ። ሦስት ጥሪ ሳይ እጄ ላይ ያለውን ጥዬ ነው የወጣሁት። ተስማምተን አልነበረም?»

«አንቺ ነበርሽ ወይ የምታጠጪው?»

«ምኑን?»

«ካሮቱን።»

ከዱሬቲ በስተጀርባ ወፎች ይሰማሉ፤ የሆነ ሰው በኦሮምኛ ይጣራል።

«ማን ነገረሽ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጥምቀት ወዲህ» አለች ዱሬቲ። «አንድ ቀን ረፍዶብኝ ነበር፤ ሌላ ነገር የለም፣ እንቅልፍ ነው። ስነቃ ዙህራ ስለ ጨርቅ ትጠይቀኛለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ያን ቀን ሞላሁት።»

«ስንገናኝ ትነግሪኝ ነበር።»

«ብነግርሽ ትተኚ ነበር?» ዱሬቲ አልጮኸችም፤ ብትጮህባት ለዘርፉ ይሻላት ነበር። «እማዬ፣ አልሰለቸሁሽም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ግን መጀመሪያ የማስበው ሞቻለሁ ብለሽ ሳትጨርሺ ልድረስ የሚለውን ነው። በየቀኑ። አንቺ መሞቴን ስትጠብቂ፣ እኔ አለመሞቴን ስመሰክር። ደከመኝ።»

ዘርፉ የምትመልሰው ብዙ ነገር ነበራት። ስለ እናትነት፣ ስለ ብቸኛ ልጅ፣ ስለ ሃያ ስድስት ዓመት የጅቡቲ መንገድ። ሁሉም ከንፈሯ ላይ ሲደርስ ያረጀ ሆነባት። ለክፉ ነገር ሁሉ ተዘጋጅታ ኖራለች፤ ለመኪናው፣ ለሐይቁ፣ ለጋዙ። ልጇ በሕይወት ኖራ እንዲህ ትለኛለች ብላ ግን አንድም ቀን አልተዘጋጀችም።

«አጥፊው» አለች።

«ምኑን?»

«ማሽኑን። አጥፊው።»

«ከጠፋ እረሳለሁ እኮ። ራሴን አውቀዋለሁ። አንዳንድ ቀን ይቀራል።»

«ይቅር።»

«ትደነግጫለሽ።»

«እደነግጣለሁ።» ዘርፉ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «አልደውልም። ዙህራንም አላስደውልም። አንቺ ካጠጣሽው ይጠጣ፣ ካልጠጣም አይጠጣ። ማሽን አያጠጣብኝ።»

«ትችያለሽ?»

«አልችልም። ግን አጥፊው።»

ከወዲያ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «እሺ» አለች ዱሬቲ። «ልግባ አሁን። ናሙናው ይበላሽብኛል።» ቻው አላለችም፤ ቁጥሬን እቀይራለሁም አላለችም።

ማክሰኞ ውሃው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ዘርፉ እስከዚያ ድረስ ከአልጋው አልወረደችም። ጥርስ ያላት ምልክት የለችም፤ ስሙ ብቻ። ረቡዕ አራት ሰዓት ሆነ፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ዘርፉ አንድ ጊዜ ልጇን ቀበረች፣ አንድ ጊዜ ሆስፒታል አስተኛቻት፣ ውሃው ሲመጣ ደግሞ የዘፈዘፈችውን ልብስ እንደረሳች አወቀች።

ሐሙስ ምንም አልመጣም።

አምስት ሰዓት ሲሆን ካሮቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ። ድቡ ብቅ ብሎ ደወል የያዘ ቁልፍ አሳያት፤ ይህን ከነካሽ ለጎረቤትሽ ማስታወሻ እንልክልሻለን ይላል። ቁልፉ ትልቅ ነበር፣ እንደ ኤክሷ አያስቸግርም። ዘርፉ አውራ ጣቷን በላዩ ላይ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ስልኩን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች፤ ከዙህራ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

ዙህራ መርፌ ውስጥ ክር ልታስገባ ትታገል ነበር። በዓይኗ ጥግ አየቻት።

«አላጠጣችም?»

«አላጠጣችም።»

ዙህራ ክሩን በምራቋ አርጥባ ደግማ ሞከረች፤ አልገባም። መርፌውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ልደውልላት?» አለች ቀስ ብላ።

«ተዪ» አለች ዘርፉ። «ረስታ ነው።»

መርፌውን ከዙህራ ጭን ላይ አነሳችና ክሩን ልታስገባላት ወደ ብርሃኑ ዞረች።